ፎቶግራፍን ከፎቶግራፍ መማር፤ ከመቅደላ እስከ በቆጂ

በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ውስጥ የሚወጡትን ፎቶግራፎች አንሥተን እንድናቀርብ አደራ የተሰጠን እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ነን። አደራውን በደስታ ተቀበልን፤ ነገር ግን ከመካከላችን ፎቶግራፍ ማንሣትን ከመምህር ፊት ቁጭ ብሎ የተማረ አንድም አልነበረም። ሒሳብን ከሒሳብ መምህር፥ ታሪክን ከታሪክ መምህር ተምረናል። ይህን ጥበብ ግን ከማን እንማረው? ተመካክረን የደረስንበት መልስ ይህ ነው፤ ከእኛ በፊት ያነሡ ሰዎች ሥራቸውን ትተውልናልና ሥራቸው መምህራችን ይሁን አልን። ስለዚህም ወደ ታሪክ ዞር ብለን ያገኘነውን ለጓደኞቻችን፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መማርና መቅዳት

«የሌላውን ሥራ እያዩ ማንሣት መቅዳት አይደለምን?» ብለው የጠየቁን ጓደኞች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን አገራችን የፎቶግራፍ መሣሪያ ከመግባቱ አስቀድሞ ታውቀዋለች። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፥ ያጠናል፥ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ ከዚያም ብቻውን ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል። የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም ያቀናለታል። በጉባኤ ፊት ሌላው የተቀኘውን ቢደግም ግን ያፍራል እንጂ አይመሰገንም። መንገዱን ይወስዳል፤ ቅኔውን አይወስድም።

የሥዕል ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ አካባቢ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በሮማ ከተማ፥ በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ግልባጭ ወደ ኢትዮጵያ አመጡ። ሠዓሊዎቻችን ሥዕሉን ተመለከቱት፥ አጠኑትም። የተነባበሩትን እጆች፥ በእጅ የተያዘችውን ጨርቅ፥ መጽሐፍ የያዘውን ሕፃን ወሰዱ። ዐይኑን ግን በራሳቸው ሥርዓት አሰፉት፥ ቀለሙንና ልብሱን በራሳቸው አገር ልማድ ለወጡት፥ ሚካኤልንና ገብርኤልን በግራና በቀኝ አቆሙ። ከሮማ የመጣው ሥዕል በጎንደር ዘመን የእኛ ሆነ። እንግዲህ የሌላውን ሥራ ማጥናት በአገራችን ነውር አይደለም፤ ነውሩ ከማጥናት አልፎ የራስን አለመጨመር ነው።

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ሲገባ

በኢትዮጵያ ምድር ፎቶግራፍ በማንሣት የመጀመሪያው ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሚሲዮናዊው ሔንሪ ስተርን ነው፤ ይኸውም በ1859 ገደማ ነበር። ከዚያም በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመሐንዲሶቹ መካከል ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ መጥቶ መንገዱን፥ ተራራውንና ሰፈሩን አነሣ። እነዚህ ፎቶግራፎች ለታሪክ ተማሪ እጅግ ይጠቅማሉ። ስለ ሰው ፊት የተማርነው ግን በዚያው ዓመት ከአገራችን ርቆ ከተነሣ ፎቶግራፍ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እዚያም ዋይት በምትባል ደሴት የምትኖር ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ዝነኛ ሴት ፎቶግራፍ አነሣችው። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚቀረጸው በመስታወት ላይ ነበር፤ የሚነሣውም ሰው ለብዙ ሴኮንዶች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ካሜሮን ብርሃኑ ከወደ አንድ ጎን ብቻ እንዲመጣ ታደርግ ስለ ነበር፥ ፊቱ ከፊሉ በብርሃን ከፊሉ በጥላ ሆኖ ቅርጹን ያገኛል። ስለ ብርሃን የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘነው ከዚህ ነው፤ ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመታ ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል፥ ከጎን ሲመጣ ግን አፍንጫና ጉንጭ፥ ዐይንም ጭምር፥ ይናገራሉ።

ሁለተኛው ትምህርት ግን ከበደን። በአንዳንዶቹ ፎቶግራፎች ላይ ልጁ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ፥ ካፒቴን ስፒዲ የተባለው ጠባቂውም እንደ ኢትዮጵያዊ ለብሶ ይታያሉ። አቀማመጡን ያዘጋጁት ትልልቆቹ ናቸው፤ የልጁ የራሱ የሆነው ፊቱ ብቻ ነው፤ በፊቱም ላይ ኀዘን ይነበባል። ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ። እኛም ዛሬ በዚያው ዕድሜ ላይ ነን። ስለዚህ አንድን ፎቶግራፍ ባየን ቁጥር «ብርሃኑ ከየት መጣ?» ከሚለው ጋር «የተነሣው ሰው ምን ፈቅዶ ነበር?» ብለን መጠየቅን ከዚህ ልጅ ተማርን።

በ1883 ደግሞ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ በሐረር ነጋዴ ሆኖ ሳለ፥ ከሊዮን ከተማ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ ያለ አስተማሪ ይሞክር ጀመር። ራሱንና አንዳንድ የከተማውን ሰዎች አንሥቶ ለእናቱ ሲልክ፥ ሥዕሎቹ የነጡት ባጠበበት ውሃ መጥፎነት መሆኑን ጽፎላታል። ይህን ያነበበ ተማሪ ፎቶግራፍ የዐይን ጥበብ ብቻ ሳይሆን የእጅ ሙያም እንደ ሆነ ይረዳል። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ውሃዋን እንደምትመርጥ ሁሉ፥ ፊልም የሚያጥብም ውሃውንና መድኃኒቱን መምረጥ ነበረበት። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚያነሣ ሰው ፊልም ማጠብ ባይኖርበትም፥ ቢያንስ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይኖርበታል።

ከአባት ወደ ልጅ

ሙያው በአገራችን ሥር የሰደደው በተለይ በአርመኖች እጅ ነው። በአርመኖች ዘንድ ፎቶግራፍ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የእጅ ሙያ ነበር፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመን ገዳም ውስጥ፥ በኋላ ፓትርያርክ የሆኑት የሳዪ ጋራቤዲያን የፎቶግራፍ ሥራ አቋቁመው ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። ወደ እኛም አገር በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ መጥቶ የዐፄ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወረሱ፤ ቶርኮም ለብዙ ዘመን የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር።

እንዲህ ያሉትን የቤተ መንግሥትና የፎቶ ቤት ሥዕሎች ስንመለከት ከዓለማየሁ ሥዕል ጋር ያለውን ልዩነት እናያለን። እዚህ የሚነሣው ሰው ራሱ አዛዥ ነው። ካባውን የመረጠ፥ እጁን በጎራዴው ወይም በወንበሩ መደገፊያ ላይ ያኖረ፥ ቀጥ ብሎ የሚመለከት እርሱ ነው። ከኋላው ጸጥ ያለ መጋረጃ ስላለ ዐይናችን ወደ ሌላ አይሄድም። ከዚህ ሦስት ነገሮች ለቀምን። አንደኛ፥ መሣሪያው ከሰውየው ዐይን ጋር ትክክል ሲሆን ተመልካቹ ያከብረዋል፤ ከላይ ወደ ታች ሲያዩት ግን ሰውየው ያንሳል። ሁለተኛ፥ ከበስተኋላ ያለው ነገር በተቻለ መጠን ጸጥ ማለት አለበት፤ በጓደኛችን ራስ ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት እንጨት ሥዕሉን ያበላሻል። ሦስተኛ፥ እጅ እንደ ፊት ይናገራልና የት እንደሚቀመጥ ማሰብ ይገባል።

ባዶ እግር

በ1935፥ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረበት ዓመት፥ አልፍሬድ አይዘንሽታት የተባለ ጀርመን ተወላጅ ፎቶግራፍ አንሺ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ካነሣቸው ብዙ ፎቶግራፎች መካከል አንዱ በዓለም የታወቀ ነው። በሥዕሉ ላይ የሚታየው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር የእግር መርገጫ ነው፤ ጫማ ያልነካው፥ የደነደነና የተሰነጣጠቀ። ስለ ጦርነቱ ብዙ ገጽ ቢጻፍ ያ ባዶ እግር የነገረንን ያህል አይነግረንም። በዚህም ቀርቦ ማንሣትን፥ ከሙሉው ከፊሉን መምረጥንና የቀረውን ለተመልካቹ አሳብ መተውን ተማርን። ይሁን እንጂ የወታደሩን ፊት አላየንም፥ ስሙንም አናውቅም። ዓለም እግሩን አወቀ፤ ሰውየውን አላወቀም።

ከ25 ዓመት በኋላ፥ መስከረም 10 ቀን 1960፥ በሮማ ከተማ ሌላ ባዶ እግር ታየ። ያኛው ስም አልነበረውም፤ የዚህኛው ስም ግን አበበ ቢቂላ ነው። ውድድሩ ወደ ማታ ተጀምሮ በሌሊት ብርሃን በቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ ሲፈጸም፥ አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ቀዳሚ ሆነ። በዚያ ሌሊት የተነሡት ፎቶግራፎች ከሯጩ በላይ የሚናገሩት ቦታው ስለሚናገር ነው። ጨለማው፥ መብራቱ፥ የጥንቱ የሮማውያን ድንጋይ፥ ከፊቱም ያለ ጫማ የሚሮጥ ኢትዮጵያዊ፤ የወራሪውን መንግሥት ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነበባል። የዚህ ትምህርት እንዲህ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺ ነገሩ ከመድረሱ በፊት ቦታውን መርጦ መቆም አለበት። ሯጩ ካለፈ በኋላ ቦታ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ጀርባ ብቻ ነው።

የበቆጂ አካባቢ ልጅ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የተነሡት ሥዕሎች ደግሞ ሌላ ነገር አስተማሩን። ሁለተኛ የወጣችው ኤሌና ማየር ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ነበረች፤ አገርዋም በዘር መድልዎ ምክንያት ለ32 ዓመት ከኦሎምፒክ ውጭ ሆና የተመለሰችበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በሥዕሉ ላይ አንዷን ብቻ ቆርጠን ብናስቀር ያሸነፈች ሯጭ እናያለን፤ ሁለቱን አብረን ስናይ ግን የአንድ አህጉር ታሪክ እናያለን። ስለዚህ የሥዕልን ዳር ከመቁረጣችን በፊት የምንቆርጠው ምን እንደ ሆነ እንድናስብ ይገባል።

ሥራቸውን የጠበቁና ያደሱ

ሸመልስ ደስታ ከ1963 እስከ 1982 የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል። በዚህ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ደርግ ሥልጣን ያዘ። እርሱ ግን ነጌቲቮቹን ጠብቆ አቆየ፤ ከአገር ከወጣም በኋላ ሥራው በለንደን ለሕዝብ ታየ። መንግሥት ሲለወጥ ሥዕል ይቀደዳል፥ ይቃጠላል፥ ይረሳል። ከእርሱ የምንማረው ስለ ብርሃን ሳይሆን ስለ አደራ ነው። ያልተጠበቀ ፎቶግራፍ እንዳልተነሣ ይቆጠራል።

በዘመናችን ካሉትም ሁለቱን እንጥቀስ። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ ሠዓሊ ከሆነ በኋላ፥ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ፎቶግራፍ ዞረ። በአዲስ አበባ የሚፈርሱና የሚገነቡ ሰፈሮችን ሲያነሣ የሠዓሊ ዐይኑ አብሮት እንዳለ ይታያል። አይዳ ሙሉነህ ደግሞ ፊትንና አካልን በቀለም እየቀባች፥ ቀይ፥ ሰማያዊና ቢጫን እንደ ቋንቋ እየተጠቀመች የታወቀች ናት፤ በ2010ም አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ በዓል በአዲስ አበባ መሠረተች። በዚህ በዓል ላይ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሥራዎች በአንድ ግድግዳ ተሰቅለው ታይተዋል፤ ወጣቱም ቆሞ እያየ ተምሯል። እንግዲህ እኛ በትንሹ የጀመርነው ነገር በዋና ከተማችን በትልቁ የተሠራ ነገር ነው ማለት ነው።

በቆጂ ስንመለስ

በቆጂ ከአሰላ በስተደቡብ በአርሲ ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት የቀትር ፀሐይዋ ስል ነው፤ በቀትር የተነሣ ሰው ዐይኑ በጥላ ይጠቁራል። የጧት ጉም ግን ብርሃኑን እንደ ወንፊት አጥልሎ ያወርደዋል። ይህን ካወቅን ወዲህ የሰው ፊት የምናነሣው በጧት ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፥ አለዚያም በበራፍ ጥላ ሥር ሆነ።

የምንማርበትም መንገድ ቀላል ነው። አንድ ፎቶግራፍ ጠረጴዛ ላይ እናኖራለን፤ ከዚያም አራት ጥያቄዎችን እንጠይቃለን። አንሺው የት ቆሞ ነበር? ብርሃኑ ከየት መጣ? ዐይናችን በመጀመሪያ ወዴት ሄደ፥ ለምንስ? ከሥዕሉ ዳር ውጭ ምን ቀረ? ሥዕሉንም በእጃችን ግማሽ በግማሽ እየሸፈንን የትኛው ክፍል ቢጎድል እንደሚወድቅ እንፈትናለን። ዋና ዋና መሥመሮቹን በእርሳስ በወረቀት ላይ እንስላለን። በመጨረሻም ሥዕሉን አስቀምጠን ወጥተን፥ በዚያው መንገድ የራሳችንን አገር ነገር እናነሣለን። የአበበን ቅስት በቆጂ ውስጥ አናገኘውም፤ ነገር ግን ሯጮች በጧት የሚወጡበትን የባሕር ዛፍ ጫካ እናገኛለን፥ ከመድረሳቸውም በፊት ቦታ መርጠን መቆም እንችላለን።

ነገር ግን በዚህ ላይ ልናስብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ከተማችን በዓለም የታወቀችው በሯጮችዋ ነው፤ ደራርቱ፥ ቀነኒሳ በቀለ፥ ጥሩነሽ ዲባባና ሌሎችም ከዚህ አካባቢ ወጥተዋል። ስለዚህም ከሩቅ አገር የሚመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ የሚሮጥ እግር ነው። በ2012 የወጣው «የሯጮች ከተማ» የተባለው የእንግሊዛዊው የጄሪ ሮትዌል ፊልም ግን ለየት ያለ ነገር አድርጓል፤ ታሪኩን የሚተርከው በመንገድ ዳር ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ልጁ ሯጭ አይደለም፤ የሚሄዱትንና የሚመለሱትን ግን ያያል። ይህ ምርጫ ብዙ አሳሰበን። ሮጠው ያላሸነፉት፥ ጭራሽም ያልሮጡት የበቆጂ ሰዎች ፊታቸውን ማን ያነሣዋል? እንግዳው ለጥቂት ቀን መጥቶ ይሄዳል፤ እኛ ግን እዚሁ ነን።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት ያነሣናቸው ፎቶግራፎች እነዚህ ናቸው፤ ደወል የሚደውሉት የትምህርት ቤታችን ጥበቃ፥ ገብስ የሚያበጥሩ እናት፥ ፈረሱን ውሃ የሚያጠጣ የሰፈር ልጅ፥ በጉዳት ምክንያት ሩጫ ትታ በመጻሕፍት ቤት የምትቀመጥ የክፍላችን ልጅ። ከእያንዳንዱ በፊት ፈቃድ ጠይቀናል። «አባባ፥ ቢፈቅዱልን ልናነሣዎት ነበር» ስንላቸው «ተዉኝ ልጆቼ» ያሉን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እጅ ነሥተን አለፍን። የእርሳቸው ሥዕል በመጽሔቱ ውስጥ የለም፥ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው።

ለወላጆቻችን አንድ ልመና አለን። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የዚህ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎችና መምህራን ያሉባቸው አሮጌ ፎቶግራፎች ይገኛሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በጀርባቸው ስም የላቸውም። እባካችሁ ወደ ትምህርት ቤታችን አምጡልን፤ ግልባጩን ወስደን ዋናውን እንመልስላችኋለን። የሚያውቋቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ የእያንዳንዱን ስም፥ ቦታውንና ዓመቱን በጀርባው በእርሳስ እንጽፋለን። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ከሥዕሎቹ ብርሃኑንና አቋቋሙን ይማራሉ፤ ሰዎቹንም በስማቸው ይጠሯቸዋል።